ድሉ ካራማራ፣ ሐውልቱ ቸርችል ጎዳና

የትግላችን ሐውልት በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመ የጦርነት መታሰቢያ ነው። ድላችን ሐውልት የሚሉትም ብዙ ናቸው። 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዓምድ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ተሸክሟል። ከሥሩ ከሰው ቁመት የገዘፉ ምስሎች ቆመዋል፤ በግራና በቀኝ የተዘረጉት ክንፎች ደግሞ በሕዝብ የተሞሉ ትዕይንቶች የተቀረጹባቸው ግድግዳዎች ናቸው። የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም፣ አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ባከበረበትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ በተመሠረተበት ሰሞን ነው። ቅርጻ ቅርጾቹን በስጦታ ያበረከተችው ሰሜን ኮሪያ ነበረች። የቆመውም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተደረገው ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

ሐውልቱ የወታደር መታሰቢያ ይሁን እንጂ አነጋገሩ ሁሉ የሠርቶ አደር ነው። በዚያ ዘመን የደርግ ሥርዓት ራሱን የሚጠራው በሠርቶ አደሩ ስም ነበር፤ ጦርነቱም የሠራተኛው፣ የገበሬውና የታጠቀው ልጃቸው ጦርነት ተብሎ ነው የተተረከው። ስለዚህ ትግላችን በኢትዮጵያ አደባባይ ሠርቶ የሚያድረውን ሕዝብ ያከብራሉ ተብለው ከቆሙት ሥራዎች ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት ወገን ነው። ከጦርነቱ ወሳኝ ሜዳ ግን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ድሉ የተገኘው ጅግጅጋ አፋፍ ላይ፣ በካራማራ ተራራ ነው። አክብሮቱ አዲስ አበባ ቀርቶ፣ ውጊያውን በጓሮው ያየው፣ ከብቱን፣ ቤቱንና ዘመዱን ያጣው የደምበል፣ የጅግጅጋና የሽንሌ ሠርቶ አደር በሐውልቱ ላይ ቦታ አላገኘም።

የሐውልቱ የአሠራር ስልት ከሩቅ የመጣ ነው። ሠራተኛን በግዙፍ ቅርጽ አደባባይ ማቆም በአውሮፓ የተጀመረው ፋብሪካ ሲስፋፋ ነው፤ የቤልጅጉ ቀራጺ ኮንስታንታን ሜንዬ የማዕድን ቆፋሪውንና የወደብ ጫኝና አውራጁን ሲቀርጽ የደከመ ሰው አድርጎ ነበር። ትከሻቸው የወረደ፣ ፊታቸው የከበደ ነው። የሶቪየት ኅብረት ቀራጾች ድካሙን አስወግደው ጉልበቱን ብቻ አስቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሶቪየት አዳራሽ አናት ላይ የቆመው የቬራ ሙኺና ሥራ የዚህ ስልት ዋና ምሳሌ ነው፤ መዶሻ የያዘ ሠራተኛና ማጭድ ያነሳች የኅብረት እርሻ ሴት ከማይዝግ ብረት ተሠርተው፣ ከ24 ሜትር በላይ ቁመት ይዘው፣ ወደፊት እየተራመዱ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ስልት የተሠራ ሠራተኛ አይቀመጥም፣ አያርፍም፣ አይራብም። ሁልጊዜ ደረቱን ነፍቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይራመዳል።

ሰሜን ኮሪያ ይህን ስልት ወርሳ ወደ ትልቅ የመንግሥት ሙያ ለወጠችው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የፒዮንግያንጉ ማንሱዴ የሥነ ጥበብ ተቋም በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን አቅፎ ሐውልት እንደ ፋብሪካ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ፒዮንግያንግ ውስጥ የተመረቀው፣ 170 ሜትር የሚደርሰውና አናቱ ላይ የሚያበራ ችቦ ያለው የጁቼ ማማ ከትግላችን በሁለት ዓመት ይቀድማል፤ ሰማይ ጠቀስ ዓምድ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ምልክት፣ ከሥሩ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ያሉበት የምስል ቡድን የሚለው አቀማመጥ በሁለቱም ይታያል። የሰሜን ኮሪያ እጅ ያረፈባቸው መታሰቢያዎች በአፍሪካ ብዙ ናቸው። የሐራሬው የጀግኖች መካነ መቃብር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቀው የዊንድሆኩ መካነ መቃብር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዳካር ላይ የቆመውና 49 ሜትር የሚደርሰው የአፍሪካ ህዳሴ ሐውልት ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። በዳካሩ ሥራ ላይ ሴኔጋላውያን ሃይማኖተኞች በሐውልቱ ላይ ያለችው ሴት ሰውነቷ መገለጡን፣ ሌሎች ደግሞ የፊቶቹ መልክ የእነሱ አለመሆኑን አንስተው ነቅፈዋል። ትችቱ ለሁሉም የሚሠራ ነው፤ አንድ ዓይነት ደረት፣ አንድ ዓይነት መንጋጋ፣ አንድ ዓይነት እርምጃ ከሀገር ሀገር ሲዞር የሥራው ሰው የየት ሀገር ሰው እንደሆነ ይጠፋል።

ትግላችን የሚዘክረው ጦርነት እንዲህ ነበር። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ መደበኛ ጦር ከምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ወደ ኦጋዴን ገባ። ጎዴ ወዲያውኑ ተያዘች፤ ድሬዳዋ በነሐሴ ተጠቅታ ሳትያዝ ቀረች። የካራማራን በር የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ጦር ግን ታንኮችን መቋቋም አቅቶት፣ በውስጡም አመጽ ተነስቶበት፣ ጅግጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ በሶማሊያ እጅ ወደቀች። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን በማባረራቸው ሞስኮ ከባድ መሣሪያ በአየርና በባሕር ወደ ኢትዮጵያ አጓጓዘች፤ ኩባ በጄኔራል አርናልዶ ኦቾአ አዛዥነት ከ15,000 በላይ ወታደር ላከች። ጥምሩ ጦር ተራራውን ፊት ለፊት ከመውጣት ይልቅ በሰሜን በኩል ዞሮ፣ ከፊሉም በሄሊኮፕተር ተጓጉዞ፣ ከጠላት ጀርባ ወረደ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ጅግጅጋ ተመልሳ ተያዘች። በቀናት ውስጥ የሶማሊያ መንግሥት ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ።

ከተዋጊዎቹ ብዙዎቹ በእርግጥም ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። የእናት ሀገር ጥሪ በሚያዝያ 1969 ሲታወጅ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ገበሬዎች ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው የታጠቅ ጦር ሰፈር ለጥቂት ወራት ሠልጥነው በሚሊሻነት ዘመቱ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም፣ የገጠር መሬት ዐዋጅ ከጭሰኝነት አውጥቷቸዋል፤ ሞፈራቸውን ሰቅለው ጠመንጃ ያነሱት መሬቱ የእነሱ ሆኖ ገና ሁለት ክረምት ብቻ እንዳረሱበት ነው። በዚህ ረገድ ሐውልቱ ሐሰት አልተናገረም። ገበሬው ዘምቷል፣ ሞቷል። የሐውልቱ ገበሬ ግን ስም የለውም። ለወደቁት ኩባውያን ፎቶግራፎች በመታሰቢያው ቅጥር ግቢ ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ ቁጥራቸውም ከ160 በላይ ነው። ይህ ትልቅ አክብሮት ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረርጌ ሄዶ ካራማራ ሥር የቀረው ሚሊሻ በግድግዳው ላይ የሚወከለው በደፈናው ነው፤ የእገሌ ልጅ የሚያሰኘው ምንም ነገር የለም።

ከሠራተኛው ጋር የነበረው የሥርዓቱ ግንኙነት ደግሞ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል። በ1955 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ደርግ ሥልጣን ለሕዝብ እንዲመለስ በመጠየቁ በ1968 ዓ.ም ታገደ፤ ፈረሰም። በምትኩ በ1969 ዓ.ም መላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ተቋቋመ። በነጻነት የሚደራጀውን ሠራተኛ በትኖ፣ የማይናገረውን ሠራተኛ በድንጋይና በነሐስ ማቆም ይህን ይመስላል። ገበሬውም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ሐውልቱ በተመረቀበት መስከረም የወሎና የትግራይ ገበሬ በኮረምና በመቀሌ መጠለያዎች በረሃብ ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከወራት በፊት ለዓለም ማስጠንቀቂያ ቢያሰማም፣ የ10ኛው ዓመት በዓል ዝግጅት እስኪያልቅ ረሃቡ የሀገር ውስጥ ዜና እንዲሆን አልተፈለገም። ለበዓሉ የወጣው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮን ዶላሮች ይገመታል። ግድግዳው ላይ የሚራመደው ገበሬና ኮረም ሜዳ ላይ የተኛው ገበሬ አንድ ሰው መሆናቸውን ማንም አደባባይ ላይ አላነሳም።

በግንቦት 1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያ ቁጣውን ያወረደው በሌኒን ላይ ነበር። በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ የነበረው ያ ሐውልት የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም በተሰደዱ በቀናት ውስጥ ተገርስሶ ወረደ። የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ የሆነው የካርል ማርክስ ጭንቅላት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ እስከ ዛሬ አለ። ትግላችንም አልተነካም። አለመነካቱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚያየው የደርግን ኮከብ ብቻ ሳይሆን የወንድሙንም መቃብር ነው። ለብዙ ዓመታት ግን የሚንከባከበው ጠፍቶ ቆይቷል። ከመረሳት የታደገው ደግሞ ሌላ የሠርቶ አደር ታሪክ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በውጊያው አባቶቻቸውን ያጡ ሕፃናት በሺህዎች ተመርጠው ወደ ኩባ፣ ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባለው ደሴት ተልከው ተማሩ። ሐኪም፣ መሐንዲስና የግብርና ባለሙያ ሆነው የተመለሱት እነዚህ የሚሊሻ ልጆች በየዓመቱ የካቲት 26 ሲመጣ ቀኑን ከሚያስታውሱት ቀዳሚዎቹ ናቸው። የሐውልቱ እውነተኛ ባለቤቶች እነሱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጅግጅጋ ስትታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለአዲስ አበባ ካራማራ የማያሻማ ድል ነው። ለከተማዋ ነዋሪ ግን ጦርነቱ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ያለፈበት ነው፤ አንዴ ከምሥራቅ፣ አንዴ ከሰሜንና ከምዕራብ። ኢትዮጵያዊ ሶማሌው በሁለት ጦር መካከል የተገኘ ሰው ነበር፤ ከአንደኛው ጋር ቋንቋና ሃይማኖት፣ ከሌላኛው ጋር አገርና ገበያ የሚያገናኙት። ከውጊያው በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አርብቶ አደሮች ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም፣ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች የሰሜን ሶማሊያዋን ከተማ ሐርጌሳን ሲደበድቡ ስደቱ አቅጣጫውን ቀይሮ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያዋ ሐርቲሼክ ጎረፈ። ሐርቲሼክ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ካሉ ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች መካከል ትቆጠር ነበር፤ የተዘጋችውም በ1996 ዓ.ም ነው። ስደተኛውን ያስጠለለው፣ ውኃ ያካፈለው፣ በግ የሸጠለት የአካባቢው አርብቶ አደር ነው። የእሱን ደግነት የሚዘክር ድንጋይ የትም አልቆመም።

የሶማሌ አካባቢ ሐውልት አያውቅም ማለት አይደለም። ጅግጅጋ ውስጥ የሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ቆሟል። የደርቪሾቹ መሪና ታላቁ ባለቅኔ ከከተማዋ ጋር ያላቸው ታሪክ ቀጥተኛ ነው፤ ተከታዮቻቸው እ.ኤ.አ. በ1900 ጅግጅጋ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር አጥቅተዋል፤ ራሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1920 መጨረሻ ያረፉት አሁን በሶማሌ ክልል ባለችው ኢሚ ነው። ሞቃዲሾም የሰይዱን የፈረስ ሐውልት አቁማ፣ በ1983ቱ ትርምስ አጥታ፣ በኋላ መልሳ ሠርታለች። እዚያው ሞቃዲሾ የድንጋይ ወርዋሪው የዳገህቱርና በቀስት ተወግታ የሞተችው የሐዎ ታኮ ሐውልቶች የነጻነት ትግሉን ያስታውሳሉ። ሐርጌሳ ደግሞ የደበደባትን ዓይነት ሚግ አውሮፕላን በአደባባይዋ መካከል ሰቅላለች። ፈረሰኛ፣ ሰማዕት፣ የጦር አውሮፕላን፤ ምሥራቁ አገር በአደባባይ የሚያከብረው ከሞላ ጎደል ውጊያን ነው። በዚህ ረገድ ጅግጅጋና ቸርችል ጎዳና አይለያዩም። ሐረር ላይ በፈረስ ተቀምጦ የነበረው የራስ መኮንን ሐውልት በሰኔ 2012 በሁከት መፍረሱ ደግሞ የመሪና የጦር ሐውልት ምን ያህል የዘመን ምርኮኛ እንደሆነ ያሳያል። የአንዱ ጀግና ለሌላው ወራሪ ነው። ወተት ያቀረበች ሴት ግን የማንም ወራሪ አይደለችም።

በሰሜን ሶማሌ ክልል ሥራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከግመል ወተት መነሳት ይበቃል። ግመሎቹ የሚሰማሩት ከከተማ ርቀው ነው፤ በጉርሱምና በባቢሌ ቆላ፣ በጅግጅጋ ዙሪያ፣ በሽንሌና በኤረር ሜዳ። የሚያልበው ወንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሴት ነው። የወተቱ ዕቃ ከዕፅዋት ሥርና ከቃጫ ተፈትሎ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ ውኃ የማያፈስ ነው፤ ከመሞላቱ በፊት በተመረጠ እንጨት ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ወተቱን በቶሎ እንዳይበላሽ ያቆየዋል፣ ለጠጪውም የሚናፍቀውን ጣዕም ይሰጠዋል። ዛሬ ብዙውን ቦታ ቢጫው ጀሪካን ወስዶታል፤ እሱንም ግን ያጥኑታል። አንዷ ሴት የጎረቤቶቿን ወተት ሰብስባ መንገድ ዳር ታወጣለች፤ ሌላዋ በመኪና ትጭናለች፤ ሦስተኛዋ ከተማ ላይ ትረከባለች፤ ሒሳቡ በቃል ይያዛል፣ ገንዘቡ በማግስቱ ባዶ ዕቃው ውስጥ ተቀምጦ ይመለሳል። ውል አልተጻፈም፣ ደረሰኝ የለም። ወተቱ ጅግጅጋን፣ ሐረርንና ድሬዳዋን አልፎ በድንበር ከተማዋ ቶግ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ ይደርሳል። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ደግሞ የኤረርና የሽንሌ ሴቶች ወተታቸውን በፉርጎ ጭነው ይሸጡ ነበር። በሰንሰለቱ ውስጥ አንዷ ከዘገየች ወተቱ ይመራል፤ ስለዚህ በዚህ ንግድ ትልቁ ካፒታል መታመን ነው።

ሌላው ሥራ ውኃ ነው። ከጅግጅጋ በስተደቡብና በስተምሥራቅ የተዘረጋው የሐውድ ሜዳ ሣሩ ያማረ፣ ውኃው ግን ጥልቅ በመሆኑ ጉድጓድ የማያወጣ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ይህን የለወጠው ቢርካ ነው። ቢርካ ጎርፍ የሚገባበት፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆፈረ፣ በድንጋይ የተገነባና በሲሚንቶ የተለሰነ የውኃ ጉድጓድ ነው። ቆፋሪዎቹ በዶማና በአካፋ አፈሩን እያወጡ ከሰው ቁመት በላይ ይወርዳሉ፤ ግንበኛው ግድግዳውን ያነሳል፤ ልስኑ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በውኃ ይጠበቃል፤ ያም ውኃ ከሩቅ የሚመጣ ነው። ከመግቢያው ፊት ደለል የሚያስቀር ትንሽ ገንዳ ይሠራል። ፀሐይ እንዳይመጥጠው አናቱ በእንጨትና በእሾህ ቅርንጫፍ ይሸፈናል። ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ይሞላል፣ ካልመጣ ዓመቱን ሙሉ ባዶ አፉን ከፍቶ ይቆያል። የተሰነጠቀውን ለመጠገን በየበጋው የሚወርዱ ሰዎች ያሉባቸው እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ባይኖሩ ከቀብሪበያ እስከ ድንበሩ ያሉ መንደሮች ባልጸኑም ነበር። በምድሪቱ ላይ የሰው ጉልበት ትቶት ከሄደው አሻራ ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም።

ሦስተኛው ሥራ የባቡሩ ነው፤ ሽንሌና ኤረር ያሉበት የሲቲ ዞን ከተሞች የባቡር ልጆች ናቸው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፣ ኤረር፣ አፍደም የተሰኙት ስሞች በካርታ ላይ የጎሉት ጣቢያ በመሆናቸው ነው። ሐዲዱን የዘረጉት ሶማሌዎች፣ ዐረቦች፣ የደጋው ሰዎችና ከሌላ አገር የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ በሙቀቱ፣ በጥሙና በበሽታ ያለቁትን የሚቆጥር የለም። በአካባቢው ምስጥ ምክንያት እንጨት ስለማይበረክት ሐዲዱ ያረፈው በብረት ተሸካሚዎች ላይ ነው። ድሬዳዋ የነበሩት የባቡር ወርክሾፖች ደግሞ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን የተደራጁ ሠራተኞች ያፈሩ ናቸው። በ1969ኙ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ መልሶ የቆመው በእነዚሁ ሠራተኞች ጥገና ነው። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው ባለ ኤሌክትሪኩ አዲሱ መስመር አሮጌዎቹን ጣቢያዎች ትቶ ሲያልፍ፣ በየጣቢያው በር ላይ ሻይ፣ ወተትና ቴምር የምትሸጠው ሴት ገበያም አብሮ አለፈ። አሮጌው ሐዲድ ራሱ ሳይጠፋ ቢጠበቅ ለሠራተኛው የቆመ ረጅሙ መታሰቢያ ይሆን ነበር፤ ብረቱ ግን በየቦታው እየተነቀለ ነው።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች የሚቆም ሐውልት ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አብዛኛው የጅግጅጋ ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ የሰውን ምስል በአደባባይ ማቆም በእምነቱ ዘንድ ጥያቄ የሚያስነሳ ጉዳይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የሰይዱ ሐውልት መቆሙ ጥያቄውን አልዘጋውም። ነገር ግን ሥራን ለማክበር ሰው መቅረጽ ግድ አይልም። ሐርጌሳ አንድ እጅ ካርታ ይዞ የሚታይበትን ሐውልት አቁማለች፤ ሙሉ ሰው የለበትም፣ መልእክቱ ግን ለሁሉም ይገባል። የታጠነ የወተት ዕቃ፣ ሴቶች በገመድና በሰሌን የሚያቆሙት፣ ሲፈልሱም ግመል ላይ የሚጭኑት አቃል የተባለው ጎጆ፣ የቢርካ ደረጃ፣ የሐዲድ ብረት፤ እነዚህ ሁሉ ከሰው ቁመት በላይ ገዝፈው ቢቆሙ ማንንም አያስቀይሙም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲያያቸው ደግሞ የማን እጅ እንደሆነ አይጠፋውም። ከፒዮንግያንግ የተላከ ደረቱ የተነፋ ወዛደር ያላገኘው እውቅና ይህ ነው።

ቦታውም እንደ ቅርጹ ያህል ይወስናል። ትግላችን የሰፊ መንገድና የሰልፍ ሐውልት ነው፤ ሰው እንዲያልፍበት እንጂ እንዲቀመጥበት አልታሰበም። የሠርቶ አደር መታሰቢያ የሠርቶ አደሩ መዋያ ቢሆን ይሻላል። ጥላ፣ መቀመጫና የሚጠጣ ውኃ ያለው፣ ከወተት ገበያው ወይም ከመኪና ተራው አጠገብ የሆነ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1908 ዓ.ም ገደማ የጅግጅጋን መንገዶች በፕላን ሲያሰምሩ ቀጥ ያሉና ሰፋፊ አድርገዋቸዋል፤ በከተማዋ ቦታ ጠፍቶ አያውቅም። ሠሪዎቹም ከቦታው ቢሆኑ መልካም ነው። ሰሌን የምትሠራ፣ የወተት ዕቃ የምትሰፋ፣ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው በአካባቢው ሞልቷል፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ ከእነሱ ጋር ቢሠራ በስጦታ ከመጣ ሐውልት የበለጠ ዕድሜ ያለው ነገር ይወጣዋል።

ትግላችን ደግሞ በቦታው ይቆይ። መፍረስ ቀርቶ ሊዘነጋም አይገባውም። የሚጎድለው የስም ዝርዝር ነው፤ ከታጠቅ የተነሱት ሚሊሻዎች፣ በጅግጅጋና በዙሪያዋ በጦርነቱ ያለቁት ሲቪል ነዋሪዎችም ጭምር፣ ከየቀበሌው ሽማግሌዎች ማስታወሻ ተሰብስበው በድንጋይ ላይ ቢጻፉ ቸርችል ጎዳናና ካራማራ መገናኘት ይጀምራሉ። የዚያ ዘመን ሰዎች እያለፉ ስለሆነ ይህን የመሰለ ሥራ ለነገ አይባልም። የኮሪደር ልማት በየከተማው አዳዲስ አደባባዮችን እየከፈተ ባለበት በዚህ ወቅት ደግሞ የጅግጅጋ፣ የሽንሌና የቶግ ውጫሌ አስተዳደሮች አደባባዩ ላይ ምን ይቁም ብለው ከመወሰናቸው በፊት ከወተት ነጋዴ ሴቶች፣ ከቢርካ ግንበኞችና ከቀድሞ የባቡር ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ቢመክሩ ተገቢ ነው።